የዱቄቱ ከረጢት

አቧራው ሰማዩን ከሸፈነው ወዲህ፣ ልጇን ፀሐይ ማሞቅ የምትፈልግ እናት አውሮፕላን ማብረር ትማራለች። ሕፃን ይዞ ከአቧራው በላይ መውጣት የሚፈቀደው ግን ከፈተናው በኋላ ነው። እስከዚያው የልጄን ክብደት ያህል ዱቄት የያዘ ከረጢት በፎጣው ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አስሬ እለማመዳለሁ።

ዛሬ ከላይ ብርሃን ብልጭ ሲል ቸኮልኩና መሪውን ሳብኩት። ትንሿ አውሮፕላን ተንቀጠቀጠች።

«አፍንጫዋን ዝቅ አድርጊ እንጂ፣ ስንዱ! ፍጥነት ካጣን እንወድቃለን!» አሉኝ አስተማሪዬ ሻምበል ይርዳው።

«የልጄ እግር ፀሐይ አጥቶ እየተጣመመ እኮ ነው!»

«ቢሆንም ዝቅ አድርጊ!»

እያረርኩ ዝቅ አደረግኩ። ፍጥነቷ ተመለሰ፤ ቀስ እያልን አቧራውን አልፈን ወጣን።

ፀሐይ! ሳላስበው ፎጣውን ገልጬ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ሲገባኝ አፈርኩ።

ሻምበል መሪውን ተቀበሉኝ።

«ጀርባውንም አሙቂው» አሉኝ።