ከአሮጌው ጎን

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ኮምፒውተሯ ላይ አዲስ ሲስተም እንድጭንላት ጠራችኝ፤ አሮጌውን ግን እንዳልነካባት ለመነችኝ።

«ጎን ለጎን ይኑሩልኝ ልጄ፤ ይሄኛውን ለምጄዋለሁ።»

«እሺ እናቴ» አልኳት፤ በሆዴ ግን ሳቅኩባት። እንደሷ ያሉትን አውቃቸዋለሁ፤ ማውስ ሲይዙ እንቁላል የያዙ ይመስላቸዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጣበት አንድ ነገር አልተማረችም!

ሻይ ልታመጣልኝ ወጣች። ኪቦርድ የምሞክረው ሁልጊዜ የኮምፒውተሩን ባለቤት በመስደብ ነው። «ይቺ አሮጊት ጫማዋ እንኳ የተንሻፈፈ ነው» ብዬ ጻፍኩና ሳቅ እያልኩ አጠፋሁት። ከዚያ ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ፣ አንዱን ክፍል ባዶ አድርጌ፣ አዲሱን ሲስተም ጫንኩበት። የኔትወርክ ገመዱን እንኳ አልሰካሁም።

ሲከፈት፣ ምንም ሊኖርበት በማይገባው ስክሪን ላይ አንድ ፋይል ተቀምጧል። ከፈትኩት።

«ይሄ ባለሙያ ነኝ ባይ በሰው ጫማ ይስቃል። የራሱ ሹራብ ግራ እጅጌው ተተርትሯል።»

እጅጌዬን አየሁ። ክሩ ተንጠልጥሏል።

ቀና ስል ከሥሩ አዲስ መስመር ተጨምሯል።

«አየው።»