ሠላሳ ሰባተኛው መስመር

ሥራ አስኪያጁ አሥራ አንድ የደመወዝ ቼኮችን እንደ መጫወቻ ካርታ በሒሳብ ሠራተኛው በጋሽ ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። በእያንዳንዱ ላይ የባንኩ ቀይ ማኅተም አርፏል፦ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው አይገናኝም።

«እስቲ ያንብቡልኝ» ይላል።

ጋሽ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ መልሰው ያደርጉታል። ስሙ የወጣላቸው ከቼክ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ ሒሳብ መጨረሻ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ጅራቷን አስረዝመው ጽፈዋል፤ ከዚያች ጅራት በኋላ ማንም ምንም መጨመር አይችልም።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ብቻ።»

«ቁጥሩስ?»

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«ታዲያ ይቺ አንድ ከየት መጣች?»

ጋሽ ብቻ ቼኩን ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን ይገፋላቸዋል፤ እዚያም አንድ ተርፋለች። በሦስተኛውም።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ሰው ከባንክ መስኮት ባዶ እጁን ተመልሷል። አንዷ የጽዳት ሠራተኛችን ከጧት ጀምራ የቢሮዬ በር ላይ ተቀምጣለች። ምን ልበላት?»

እኔ ከእነርሱ ሁለት ክንድ ርቄ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠውን የኤክሴል ፎርሙላ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ወር ቢሮው በሙሉ አጨብጭቦልኛል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ብቻ እኔ ያተምሁትን ወረቀት እያዩ በቀለም ወደ ቼኩ ይገለብጣሉ እንጂ ራሳቸው የሚያወጡት ቃል የለም።

ከትናንት በስቲያ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጥተው ነበር። «ልጄ፣ እዚህ ጋ አንድ ተጨምራ ታየችኝ። እስቲ እዪልኝ።»

ከስክሪኑ ቀና አላልሁም። «ኤክሴል አይሳሳትም፣ ጋሼ። መነጽሩን ይቀይሩት፤ አለዚያ ነገ እኔም ሁለት ሆኜ እታይዎታለሁ።»

ቢሮው ሳቀ። እርሳቸውም ሳቁ፣ ወረቀቱንም አጥፈው ተመለሱ።

«ዓይኔ ነው» ይላሉ አሁን። «በቀደም ልጅቱም ነግራኝ ነበር።» እንደ ምስክር ወደ እኔ ይዞራሉ።

ሥራ አስኪያጁም ይዞራል። እኔ የጠረጴዛዬን ጠርዝ አያለሁ።

«እንግዲያው ከዚህ ወር በኋላ ይረፉ፣ ጋሼ» ይላል። ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም። «ደብዳቤውን ዛሬ አስጽፋለሁ። እነዚህን ግን እንደምንም አስተካክለው ይጻፉልኝ።» በሩን ሳይዘጋ ይወጣል።

የተመለሱትን ቼኮች መጨረሻ መጨረሻቸውን አያለሁ። ሃምሳ። አርባ ሁለት። ሰማንያ። ከሠላሳ ሰባት በታች የሚያልቅ አንድም የለም። ፎርሙላው መስመር እየቆጠረ ቃል የሚለቅምበትን፣ ማንም እንዳያየው የደበቅሁትን ገጽ እከፍታለሁ። ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ በገዛ እጄ የተየብሁት ዝርዝር ነው። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስምንት።

አንድ መስመር አስገብቼ «ሠላሳ ሰባት» ብዬ እጽፋለሁ። ከሥሩ ያሉት ቃላት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። በደመወዙ ገጽ ላይ ያቺ ትርፍ አንድ ከአሥራ አንዱም ስፍራ ድምፅ ሳታሰማ ትጠፋለች። የታተመው ወረቀት ከትናንት ቆሻሻ ጋር ሄዷል። አሁን ማንም መጥቶ ቢያይ እንከን አያገኝም።

«ልጄ።»

ጋሽ ብቻ አዲስ ቼኮች ከፊታቸው ዘርግተዋል። ብዕሩ ተከድኖ አጠገባቸው ተጋድሟል።

«አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ ልጻፍ። ዓይኔን አላምነውም።»

አፌን እከፍታለሁ። ቁጥሩ ከፊቴ ነው፣ ፊደሉ ከፊቴ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ማንበብ ግን አልችልም።

የጻፍሁትን ቃል እሰርዛለሁ፤ ያስገባሁትን መስመርም አጠፋለሁ። ቃላቱ ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ ትርፏ አንድም በየቦታዋ ትቀመጣለች። ላፕቶፑን ሳልከድን አነሣለሁ።

«ወዴት ነው?»

«ዓይንዎ ደኅና ነው፣ ጋሼ» እላለሁ፤ ግን ጀርባዬን ከሰጠኋቸው በኋላ ነው፣ መስማታቸውንም አላውቅም።

በኮሪደሩ ጫፍ የጽዳት ሠራተኛዋ የሥራ አስኪያጁ በር ሥር ተቀምጣለች፤ የባንኩ የወረፋ ትኬት አሁንም በእጇ ነው። ስታየኝ እግሯን ሰብስባ ታሳልፈኛለች። ላፕቶፑን እንደ ትሪ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፤ ስክሪኑ ወደ ውጭ ዞሯል።