የእትዬ ዘርትሁን ብርዝ

አማቷ እትዬ ዘርትሁን በየማለዳው ማር በጥብጠው፣ ብርዙን በትልቅ ብርጭቆ ሞልተው ያቀርቡላታል። «ጠጪ፣ ልጄ! ማኅፀን እንደ ሙሽራ ነው፤ ካላቆላመጡት እሺ አይልም» ይሏታል።

ሐኪሟ ግን ሌላ ነገረቻት። «እንቁላል ማምረቻሽ ላይ የበዙት ትናንሽ ከረጢቶች ብቻቸውን አልመጡም። ሰውነትሽ ለኢንሱሊን አልታዘዝም ስላለ፣ ኢንሱሊኑ በደምሽ በዝቷል፤ እንቁላሉ በጊዜው እንዳይለቀቅ የሚያውከውም ይኸው ነው። ጣፋጭ ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጪ።»

«አማቴንስ ምን ልበላቸው?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ለእሱ መድኃኒት የለንም።»

መላውን ያገኘው ባሏ ነበር። እናቱ ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥር ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። «አንቺ ጹሚ፣ እኔ ልገድፍልሽ» እያለም ይቀልድ ነበር።

ዓመቱ ሳይሞላ አረገዘች። እትዬ ዘርትሁን እልልታቸውን አቀለጡት።

«ሐኪም ሐኪም ስትሉ፣ ይኸው የኔ ብርዝ!»

ባልና ሚስት አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ ዘርትሁን በዚህ አላበቁም። ከወትሮው የሚበልጥ ብርጭቆ ሞልተው በልጃቸው ፊት አስቀመጡ።

«አሁን ደግሞ ያንተ ተራ ነው። ምን አከሳህ? ቀን ከውሃ እንስራ፣ ሌሊት ከሽንት ቤት አትለይም። ጠጣና ሰውነትህ ይመለስ! እስክትጨርስ ዓይኔን ከአንተ ላይ አላነሳም።»

ባል እንድታድነው ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም የላላ ቀበቶውን አይታ፣ የሐኪሟን ስልክ ቁጥር መፈለግ ጀመረች።