ሐሰተኛዋ ቃል

ዝናሽ ወንድሟን ከቀበረች አራት ዓመት ሆናት። ዘላለም፣ ነፍሱን ይማርና፣ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። በጉና መንገድ ላይ አንገቱን በመጥረቢያ ተመትቶ ተገኘ። መጀመሪያ ያገኘው የእሷው ባል ይሻው ነው፤ በበቅሎ ጭኖ ደብረ ታቦር ያወረደውም እሱ። የአባታቸው መሬት ለዝናሽ ብቻ ቀረ፤ ይሻው ያርሰዋል።

የሟቹ ቦርሳ አልተገኘም። በቦርሳው ውስጥ ደብተር ነበረ። ዘላለም የፊደል ጠጠር እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበትን የእንግሊዝኛ ጨዋታ ይወድ ነበርና ሰው የማያውቃቸውን ቃላት ከነፍቺያቸው እየለቀመ ይጽፍበታል። አንዷን ግን ጓደኞቹን ሊያሞኝ ከራሱ ፈጠራት። ይህን የነገረው ለእኅቱ ብቻ ነው። በየትኛውም መዝገበ ቃላት የለችም፤ ደብተሩን ያላየ ሰው ከየትም አያመጣትም።

ዝናሽ ጨዋታውን ተማረች። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ገበታውን ዘርግታ የመጣውን መምህር ሁሉ ታጫውታለች። ያቺን ቃል ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችም፤ ለይሻውም። ለእሱ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ «ደብተሩ ውስጥ አንዲት ሐሰተኛ ቃል አለች። ያቺ ስትመጣ ኡህ ኡህ ብዬ እስላለሁ። ያን ጊዜ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ውጣ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይሻው ራሱ ቀለመወርቅ የሚባል መምህር ይዞ መጣ። ሰውየው ከዘላለም ጋር አንድ ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ ተኳርፈውም ነበር።

«ልቤ እዚህ ሰው ላይ ነው» አላት ይሻው በጆሮዋ። በሩን መለስ አድርጎ ወደ ጓዳ ገባ።

ቀለመወርቅ ጨዋታውን ያውቅበታል። «ዞ» ብሎ ደረደረ። ዝናሽ እንደ ልማዷ ፍቺውን ጠየቀችው፤ ዲቃላ ከብት ነው አላት። ቀጥሎ «ቃት» አለ። ይሄማ ያው ጫት ነው፣ ነጂብ ሱቅ ሞልቶልሃል አለችው።

«እትዬ ዝናሽ፣ ፈረንጅ ጤፋችንንም መዝገበ ቃላቱ ላይ ጽፎታል እኮ» አለና ሳቀ።

«ዛክስ» አለ ደግሞ። የጣሪያ ድንጋይ የሚጠርቡበት መጥረቢያ ነው አላት። ዝናሽ ሳታስበው ወደ መጋረጃው አየች።

ከዚያ አምስት ጠጠር አንድ በአንድ አስቀመጠ።

«ክዊርዝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጥላ ሥር ተኝቶ እስከ ቀትር የማይቀልጥ ውርጭ። ይቺን የተማርኳት ገና ትናንት ነው።»

 ዝናሽ አራት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ድምፅ አልወጣ አላት። እጇ ገበታው ላይ እንዳለ ቀረ።

መጋረጃው ተገለጠ።

«ጋሼ ይሻው...» አለ ቀለመወርቅ፣ ፈገግ እንዳለ።

የይሻው መጥረቢያ አንገቱ ላይ አረፈ። ከወንበሩ ሲወድቅ ይሻው ደገመው፤ ወለሉ ላይ ሆኖ እግሩ ሲንፈራገጥም ሠለሰው። ደሙ ገበታው ላይ ፈስሶ ፊደሎቹን አለበሳቸው። 

ይሻው ስለቱን በመጋረጃው ጠረገና አማተበ።

«የወንድምሽ ደም ተመለሰ፣ ዝናሽ። ተመስገን በይ።»

ዝናሽ እጇን አንሥታ ጉሮሮዋን ያዘች።

እሷ ግን አልሳለችም ነበር።