ባዶ እጁን ለይቅርታ የሄደው አጎቴ

«አቁም!... መኪናዋን አቁም አልኩህ!»

ፍሬኑን ረገጥኩት። ከኋላችን የነበረው ባለትራክተር ጡሩምባውን እየነፋ፣ ዘር ማንዘሬን እየሰደበ አለፈን።

አጎቴ ስታኒሚር አጠገቤ ተቀምጧል። በጉልበቶቹ መሀል የአረቄ ጠርሙስ አለ። እጁ ክዳኑ ላይ ነው።

«ይሄን ማነው የሰጠኝ?» አለኝ፣ እንደማያውቅ ሁሉ።

«እማዬ ናታ! ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብላ።»

ጉዳችንን አያችሁ?

ሰውየው በስንት መከራ መጠጥ አቁሟል... የገዛ እህቱ አረቄ አስታቅፋ ትልከዋለች! በክፋት እንዳይመስላችሁ። እኛ ቡልጋሪያኖች በይቅርታ እሁድ ባዶ እጅ አንወድም። ታናሽ ታላቁ ቤት ይሄዳል፣ እጁን ይስማል፣ «ይቅር በለኝ» ይላል። ነገ ሁዳዴ ይገባላ! ቂም ይዞ ጾም የለም። ጠርሙስ ሳይዝ የሄደ ሰው ግን... ይቅርታ ሳይሆን ጠብ ፍለጋ ነው የመጣው ይባላል።

አጎቴ ደግሞ የሚሄደው ታላቅ ወንድሙ ቬሊችኮ ቤት ነው።

ሁለቱ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። የዛን ቀን ስታኒሚር ጥንብዝ ብሎ ሰክሮ «አባቴን የምሸከመው እኔ ነኝ!» አለ። የሬሳ ሳጥኑ ስር ገባ...

የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ጣለው።

ሳጥኑ ተከፈተ። የከተማችን የካርሎቮ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ።

«አንድ ጉንጭ ብቻ» አለኝ አሁን፣ ክዳኑን እየዳበሰ። «እሱን ፊት ለፊት ለማየት ወኔ እንዲሆነኝ... አንድ ጉንጭ!»

እኔ ትምህርት ቤት ትቼ መንገድ ላይ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ አፍ አላጣም ነበር። ያን ሰዓት ግን ያገኘሁት ይቺን ብቻ ነበር።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም አጎቴ... አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጸሎት ይሁን እርግማን አልሰማሁም።

ከዛ በሩን ከፍቶ ወረደ... ክዳኑን ፈታው... እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ስመለከት ጠርሙሱን ዘቅዝቆት፣ አረቄው መንገድ ዳር በረዶው ላይ እየፈሰሰ ነው።

«ንዳ!» አለኝ ተመልሶ ገብቶ፣ ባዶውን ጠርሙስ እግሩ ስር እየጣለ። «ሀሳቤን ሳልቀይር ንዳ!»

ቬሊችኮ ቤት ስንገባ ሰው ጠረጴዛውን ሞልቶታል። እንቁላል፣ አይብ፣ በአይብ የተጋገረ ትኩስ ባኒጻ። ከጣሪያው በክር የተንጠለጠለ ሃላዋ አለ። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በአፋቸው ሊይዙት ይዘላሉ... የበዓሉ ጨዋታ ነው።

እኛን ሲያዩ መዝለላቸውን አቆሙ።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን እጅ ሳመ።

«ጋሼ... ይቅር በለኝ።»

ቬሊችኮ ሁለት ብርጭቆ አረቄ ቀዳና አንዱን ገፋ አደረገለት። ልማድ ነው፣ ይቅርታ አብሮ ይጠጣል።

«አልጠጣም ጋሼ።»

የቬሊችኮ ሚስት ወንድም ጄንቾ ከጥግ ሳቀ።

«ኧረ ባክህ! ባዶ እጅህን መጥተህ ጭራሽ ብርጭቆ ትገፋለህ? ለአባቱ ቀብር በርሜል የጨረሰ ሰው፣ ለይቅርታ አንዲት ብርጭቆ ከበደችው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

አጎቴ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ... ልክ እንደ ልጆቹ።

«ጋሼ» አለ። «ካልጠጣሁ ይቅር የማትለኝ ከሆነ... ይቅር አትበለኝ። ለከርሞ እመጣለሁ። ከዛም እመጣለሁ። ይሄን ግን አልነካም። አንዴ ከነካሁት መመለሻ የለኝም።»

ቬሊችኮ ተነሳ።

ሊመታው ነው ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ ያዝኩ።

ብርጭቆውን አነሳ... መስኮቱን ከፈተ... ደፋው። የራሱንም ደፋ። ከዛ ተመልሶ መጣና፣ ያ ሽበታም ሰውዬ፣ የታናሹን እጅ ከኋላው ስቦ፣ ጎንበስ ብሎ ሳመ!

«ቬሊችኮ! ምን ነካህ?» አለች ሚስቱ። እኛ ጋ ታላቅ የታናሹን እጅ ስሞ አያውቅማ!

«በሠርጌ ቀን» አለ ቬሊችኮ፣ እጁን ሳይለቅ፣ «ይሄ ልጅ ጠረጴዛ ስር ይጫወት ነበር። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አባባ ተው እያለኝ! ትን ሲለው ሳቅን። ጄንቾ፣ አንተም ስቀሃል! ... ሳጥኑ የወደቀ ቀን እሱን አይደለም የጠላሁት። ያቺ ብርጭቆ ናት ትዝ ያለችኝ። አፍሬ ነው የሸሸሁት።»

ጄንቾ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ወንበሩ ስር ደበቀ።

«ይቅር በለኝ፣ ስታንቾ» አለው ቬሊችኮ፣ በልጅነት የቤት ስሙ ጠርቶ።

አጎቴ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «ለእግዚአብሔር ብዬ፣ ጋሼ... እሱ ሁለታችንንም ይቅር ይበለን» አለ።

«በል እንግዲህ፣ እጅህን ወደ ኋላ መልስና ሃላዋውን ያዝ!» አለው ቬሊችኮ።

ዘለለ... ሳተው... ሃላዋው አፍንጫውን መታው። ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነበር።

ወዳጆቼ... እግዚአብሔር ምሕረቱን በብርጭቆ ለክቶ አይሰጥም። አንድ ሰው ፈተናውን እምቢ ሲል ደግሞ፣ ይቅርታ መጠየቅ ያቃተው ሌላ ሰው አብሮት ይፈታል። እኔ በዓይኔ አየሁ።

ስንመለስ አጎቴ ባዶውን ጠርሙስ ከመኪናው ወለል ላይ አነሳና አየኝ።

«ፔጅህ ላይ ልታወጣው ነው አይደል?»

«ከፈቀድክልኝ...»

«አውጣው። ግን ተከታዮችህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ መጀመሪያ አንተ ራስህ መልስና... ነገ ጾሙ ሳይገባ፣ ደጁን ማንኳኳት የቀረህ ሰው ማነው?»