የኋላው ወንበር

የመድኃኒት መያዣ ሳጥኑን ለሦስተኛ ጊዜ እለካዋለሁ። ርዝመቱ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። ፋይሰል ከሚቀመጥበት እስከ ሞተር ሳይክሉ ጫፍ ያለው ደግሞ ሃምሳ ሦስት። ሲቀነስ አሥራ አንድ ይቀራል። አሥራ አንድ ሳንቲሜትር ላይ ሰው አይቀመጥም።

“ኡም ማርዋ፣ ሜትሩም ታዘበሽ” ይለኛል ራምዚ፤ እኔንም ባሌንም በልጃችን በማርዋ ስም ነው የሚጠራን። “ሳጥን እኮ ነው፤ ደጋግመው ስለለኩት አያድግም።”

ራምዚ ዓደን ውስጥ፣ ሼክ ዑስማን ገበያ ጫፍ ላይ የሞተር ሳይክል ዕቃ ይሸጣል። እናቱ የደሴ ሰው ስለነበረች ከእኛ ጋር በአማርኛ ይጫወታል፤ ከአላፊ አግዳሚው ጋር በዓረብኛ ይጣላል።

ባሌ ፋይሰል ሳጥኑን በጉልበቱ ደግፎ ቆሟል። “ይኸው ነው። ይቆለፋል፣ አቧራ አያስገባም። አንቺም ታርፊያለሽ።” የመጨረሻዋን ቃል የተናገረው ሳጥኑን እያየ ነው።

ወገቤን ከታመምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ወጥተን ከሰዓት እየተመለስን፣ በላሕጅ መንደሮች ላሉ አሥራ አራት የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን እናደርሳለን። መድኃኒት ቤት ሃያ ዓመት ስለሠራሁ ቅዝቃዜውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ከኋላ የምቀመጠው ግን ለዚያ አይደለም። መንገዱ ላይ ወታደሮች የሚፈትሹበት አራት ኑቅጣ አለ። ፋይሰል ፍጥነቱን ይቀንስና “ዓኢላ” ይላል፤ ቤተሰብ ይዣለሁ ማለቱ ነው። ወታደሩ ዓባያዬን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ በእጁ እለፉ ይለናል። ሚስቱን ይዞ የሚሄድን ሰው ዕቃ መበርበር ነውር ነው።

ባለፈው ወር ትኩሳት ያዘኝና ብቻውን ሄደ። ሁለተኛው ኑቅጣ ላይ ቦርሳውን አስፈትተው ጠርሙሶቹን አስፋልት ላይ ደረደሯቸው። አርባ ደቂቃ፣ ፀሐይ ላይ። እሱም መልሶ ሰብስቦ አደላቸው። ጥርት ያለው ኢንሱሊን ሲበላሽ እንደሚደፈርስ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ አብሬው ስለምሆን ነግሬው አላውቅም። አሲያ የምትባል የአራት ልጆች እናት ሦስት ቀን ራሷን ስታ ተኛች። ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረሁም።

“የቤንዚን ታንኩ ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ቦርሳም አለ” ይላል ራምዚ።

“ታንኩ ከቀትር በኋላ እንቁላል ይጠብሳል።”

“በጎንና በጎን የሚንጠለጠለውስ?”

“ቀኙ የጭስ ማውጫው ላይ ያርፋል።”

“ያ ረቢ! አቡ ማርዋ፣ ስማኝ። ሳጥኑን ውሰድና ዓባያ አልብሰው። ወታደሩ ምን ያውቃል?”

“ዝም የምትል ሚስትም ያገኛል” እላለሁ።

ሦስታችንም እንስቃለን። ሳቁ ወገቤ ላይ ሲደርስ እተወዋለሁ።

ከሞተር ሳይክሉ ኋላ ሳጥኑ የሚታሰርበትን ብረት ለማየት ጎንበስ እላለሁ። አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ ጠርዛቸው ያበራል። ዓደን ውስጥ ቀለሙ የተላጠ ብረት በማግስቱ ይዝጋል፤ የባሕሩ አየር አይምረውም። እነዚህ ዛሬ የተበሱ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት እለካለሁ፣ ከዚያ የሳጥኑን ብሎኖች። እኩል ነው።

“ፋይሰል።”

“እ።”

“መቼ በሳኸው?”

“ንጋት ላይ፣ ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ።” መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። “ትናንት መጥቼ ለክቼው ነበር። ከአልጋ የምትነሺው ግድግዳ ይዘሽ ነው። የማላይ ይመስልሻል?”

“ኑቅጣውስ?”

“እለምናቸዋለሁ። ጥላ ሥር ፈትሹኝ እላቸዋለሁ።”

“አራቱንም?”

የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ መልሶ ይዘጋል። ራምዚም የሚያደርገው አጥቶ ከመደርደሪያው ሥር ዕቃ ማገላበጥ ይጀምራል። አቧራ የለበሰ ጠፍጣፋ ቦርሳ ያወጣል፤ ለግራ ጎን ብቻ የተሠራ ነው። እለካዋለሁ። ውፍረቱ ዘጠኝ ሳንቲሜትር። ጠርሙሶቹ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ፣ መስታወቱን ሳይነካ፣ ከሥር ይገባል። በግራ በኩል የጭስ ማውጫ የለም። ወደ ጎን ዞሬ ስቀመጥ እግሬን የማወርደውም በዚያው በኩል ነው፤ ዓባያዬ ይሸፍነዋል። ስህተት ፈለግሁበት። አላገኘሁም።

“ይኸኛው ይሁን” እላለሁ።

“ሳጥኑስ?” ይላል ፋይሰል።

“ሳጥኑ ይቅር።”

ቀና ብሎ ያየኛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ ብቻ “አይሆንም ኑሃ፣ ቤት ትቀሪያለሽ” ቢለኝ እሺ እንደምለው አሁን አወቅሁ። የአሲያን ስም እንኳ ሳላነሳ እሺ እለዋለሁ። ሜትሩን ቀስ ብዬ እጠቀልላለሁ። ጊዜ እየሰጠሁት ነው።

“እሺ” ይላል። ከንግግሩ ጋር ረጅም ትንፋሽ ይወጣል፤ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ። ሳጥኑን ለራምዚ ይመልስለትና ተንበርክኮ ቦርሳውን ሞተሩ ላይ ያስርና ማሰሪያውን መሳብ ይጀምራል፤ ቆዳው ሲጢጥ እስኪል።

“ውጪ እስቲ፣ ቦታው እግርሽን ይበቃው እንደሆነ እንይ።”

ዓባያዬን ሰብስቤ፣ ትከሻውን ይዤ እወጣለሁ። ወንበሩ ፀሐይ ላይ ውሎ ይፋጃል። እግሬን አወርዳለሁ።

“በቃው?” ይላል ከታች።

ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይተርፋል።

“በቃው” እላለሁ።