እኔ ቆሜ አንተ አትከፍልም

ሚኒሶታ ውስጥ፣ በአንድ የአራዊት ፓርክ በር ላይ ሁለት አባቶች ግብግብ ገጥመዋል። አንዱ የከተማው ነዋሪ ነው። ሌላው ልጆቹን ይዞ ከዳላስ ሊጠይቀው የመጣው አብሮ አደጉ መንበሩ ነው።

«እኔ ቆሜ አንተማ አትከፍልም! በሞቴ!» ይላል ጋባዡ፣ በአንድ እጁ ካርዱን ወደ ላይ አንስቶ፣ በሌላው የመንበሩን ክንድ ጨምድዶ።

«ኧረ ተው! ትናንት እራቱን አንተ፣ ዛሬ ቁርሱን አንተ፤ ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

«አገሩ የኔ ነው አልኩህ!»

የመንበሩ ኮፍያ ወደቀ። ጋሪ ውስጥ ያለው ሕፃን አለቀሰ። የበሩ ጥበቃ ሴትዮ የተጣሉ መስሏት ሮጣ መጥታ መሃላቸው ገባች። ነገሩ ሲገባት ሳቋ አመለጣት፤ መግቢያው ለሁሉም ሰው ነፃ መሆኑን ነገረቻቸው።

«ነፃ?!» አለ ጋባዡ፣ ካርዱን እንደያዘ በድንጋጤ ደርቆ። «አይ መንበሩ፣ ዕድለኛ ነህ! ዛሬስ ከእጄ አመለጥክ።»

የአምስት ዓመት ልጁ ሱሪውን ጎተተችው።

«አባዬ፣ ሁልጊዜም እኮ ነፃ ነው። ለዚያ አይደል በየሳምንቱ እዚህ የምታመጣን?»

መንበሩ ጎንበስ ብሎ ልጅቷን ጉንጯን ሳማት። ከዚያ ቀና አለ።

«ካርዱን እንዳትመልሰው» አለ። «አይስክሬሙ እዚያ ጋ ነው።»